መስጊድ ውስጥ ገብቼ ልሠራ ነው፤ ምን ልወቅ?

ሽቦው (ጥያቄውን ያነሳው)

ሰላም ቤተሰብ። ኤሌክትሪሺያን ነኝ፣ ቱሉ ዲምቱ ነው የምኖረው። ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ ድሮ በቆርቆሮ የነበረው መስጊድ አሁን በብሎኬት ተሠርቶ ቆሟል። ኮሚቴዎቹ መብራት፣ ሶኬትና የድምፅ መሣሪያ እንድዘረጋላቸው ጠርተውኝ በዋጋ ተስማምተናል፤ ቀብድም ወስጃለሁ። ነገር ግን ሰዉ መስገድ ጀምሯል። ምንጣፉም ተነጥፏል። ባዶ ሕንፃ ውስጥ እንደመሥራት አይደለም።

እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ። ከሙስሊም ጎረቤት ጋር ቡና እየተጠራራን ነው ያደግኩት፤ መስጊድ ውስጥ ግን ገብቼ አላውቅም። ለቀብር ስንሄድ እንኳ ሶላቱ እስኪያልቅ ውጭ ቆመን ነው የምንጠብቀው። ጫማ እንደሚወለቅ አውቃለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ምንም። ረዳቴም እንደ እኔው ነው፣ እሱ ደግሞ አፉ አያርፍም።

ኮሚቴዎቹን ብጠይቃቸው በይሉኝታ «ኧረ ችግር የለም፣ ግባ» ብቻ ነው የሚሉኝ። እዚህ ፊት ለፊት ንገሩኝ። ሰውን የሚያስቀይመው ምንድን ነው?

አቡ ሰሚር

እንኳን ጠየቅክ ወንድሜ። እኔ ቃሊቲ አካባቢ የአንድ መስጊድ ኮሚቴ ውስጥ አለሁ፤ ቴክኒሻን ሲመጣ የምቀበለውም እኔ ነኝ። ያየሁትን ልንገርህ።

ከሁሉ በፊት ሰዓቱን እወቅ። ጠዋት ከ2 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት መስጊዱ ባዶ ነው ማለት ይቻላል። ድሪሉንም መዶሻውንም እዚያ ላይ ጨርሰው። ዙሁር የሚባለው የቀትሩ ሶላት 6 ሰዓት ተኩል አካባቢ ነው፣ ዐስር የሚባለው የከሰዓቱ 9 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ መግሪብ የሚባለው ፀሐይ ስትጠልቅ። አዛን ከተባለ በኋላ ሶላቱ እስኪጀመር ጥቂት ደቂቃ አለ። አዛኑን ስትሰማ መሰላልህን አውርድ፣ ዕቃህን ሰብስብ፣ ከዚያ ወይ ውጣ ወይ ኋላ ጥግ ይዘህ ቁጭ በል። ሶላቱ ራሱ ብዙም አይቆይም።

ዓርብ ግን ባትመጣ ይሻላል። ጁምዓ ላይ ሰዉ ሞልቶ ደጅ ድረስ ነው የሚሰግደው። ኹጥባ፣ ማለት የዓርቡ ስብከት፣ እየተደረገ እኛ ራሳችን አናወራም፤ አጠገብህ ያለውን «ዝም በል» ማለት እንኳ እንደ ወሬ ይቆጠራል። እዚያ መሀል ድሪል ሲነሳ አስበው እስቲ።

ሌላው፣ በሰጋጅ ፊት አትለፍ። ይሄን አደራ። ከጀመዓው (የጋራ ሶላቱ) ሰዓት ውጭም አንድ ሽማግሌ ጥግ ይዞ ሲሰግድ ታገኛለህ። ሐዲሱ፣ ማለት የነቢዩ ንግግር፣ በሰጋጅ ፊት የሚያልፍ ሰው ያለበትን ቢያውቅ አርባ ቆሞ መጠበቅ ይሻለው ነበር ይላል። አርባ ቀን ይሁን፣ ወር ይሁን፣ ዓመት ይሁን አስተላላፊው እርግጠኛ አልሆነም። ስለዚህ በኋላው ዙር። ከእኛ አገር ቂብላው፣ ስንሰግድ የምንዞርበት የመካ አቅጣጫ፣ ወደ ሰሜን ነው። የሰሜኑን ግድግዳ ስትሠራ ሁልጊዜ በሰው ፊት ለፊት ነህ ማለት ነው፤ እሱን ጠዋት ጠዋት ጨርሰው።

የአቃቂ ልጅ

ካልሲ! ማንም ደፍሮ የማይናገረውን እኔ ልናገረው። ቀኑን ሙሉ ሴፍቲ ጫማ ውስጥ የዋለ እግር አዲስ ምንጣፍ ላይ ሲወጣ ኢማሙ ራሱ ወደ ኋላ ይላል። ቅያሪ ካልሲ ቦርሳህ ውስጥ ያዝ፣ ለረዳትህም። ሱሪህንም ከፍ አድርገህ በቀበቶ እሰረው። ቁምጣ የማይታሰብ ነው። መሰላል ላይ የወጣን ሰው ከታች ሆነው ሲያዩት ምን ምን እንደሚታይ ታውቀዋለህ።

ሽቦው

የካልሲው ገብቶኛል፣ ሳቄም መጥቷል። ግን የምሬን አንድ ነገር አለ። 220 ቮልት ላይ በካልሲ ቆሜ ልሠራ ነው? ለሌላው ሰው ጫማ ማውለቅ አክብሮት ነው፣ ለእኛ ግን ሞት ሊሆን ይችላል። የዉዱእ (ከሶላት በፊት የሚታጠቡበት) ቦታው ደግሞ ከበሩ አጠገብ ነው። ሰዉ እግሩን ታጥቦ ነው የሚገባው፣ ምንጣፉ ጠርዝ ላይ ሁሌም እርጥበት አለ። ጫማ ላድርግ ብል ድፍረት ይሆንብኛል ብዬ ፈራሁ።

ጋሽ ታዴ

ልጄ፣ እኔ ጡረታ ወጥቻለሁ እንጂ በዚህ ሥራ ብዙ ዘመን ኖሬበታለሁ። ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም ዘርግቻለሁ። ሁለቱም ጫማ ያስወልቃሉ፤ ጥያቄህ አዲስ አይደለም።

ሶሉ ጎማ የሆነ አዲስ ጫማ ግዛ። ከነካርቶኑ ይዘኸው ሂድ፣ ለኢማሙ ሶሉን ገልብጠህ አሳየው። «ይሄ መሬት አልረገጠም፣ ለደኅንነቴ ነው፣ እዚሁ ትቼው ነው የምሄደው» በለው። እኔን እምቢ ያለኝ ኢማም የለም። ሽንት ቤትም ዉዱእ ቦታም በእሱ እንዳትሄድ፤ እዚያ ነው ነገሩ የሚበላሸው። የአሉሚኒየም መሰላልህን ቤት ተወው፣ የእንጨቱን ውሰድ። እግሩን በጨርቅ ጠቅልለው፣ አለዚያ ምንጣፉን ይቀደዋል።

አሁን ዋናውን ስማኝ። ብሬከሩን አጥፍተህ መሰላል ላይ ነህ እንበል። ሙአዚኑ አዛን ሊል ይመጣል። ማይኩን ይከፍታል፣ አይሠራም። ምን ያደርጋል? ሄዶ ብሬከሩን ያነሳዋል! ሰዓቱ ደርሶበታል፣ ሰዉ ይጠብቀዋል፣ አንተን ቀና ብሎ አላየህም። አንድ የሥራ ባልደረባችን በዚህ ተይዞ በእግዜር ቸርነት ነው የተረፈው። ስለዚህ ቦርዱን ቆልፈህ ቁልፉን ኪስህ ክተት። ጠዋት ስትገባ መጀመሪያ ሙአዚኑን ፈልገህ ሰላም በለው፣ ስትሠራ መብራት እንደሚጠፋ ንገረው። ባትሪ ያለው ሜጋፎን አያጡም፣ ለዚያን ቀን እሱን ይጠቀሙ።

ደረሳው

አሰላሙ ዓለይኩም። ጋሽ ታዴ ስለ ጫማ ያሉት ትክክል ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በጫማቸው ሆነው ይሰግዱ እንደነበር በቡኻሪ የሐዲስ መጽሐፍ ተዘግቧል። በዚያ ጊዜ የመስጊዱ ወለል አሸዋና ጠጠር ነበር፤ ጫማው ነጃሳ (ርኩስ ነገር) አለመንካቱን ማየት ነው የሚጠበቀው። ዛሬ ምንጣፍ ስላለ እናወልቃለን። ንጹሕ ጫማ ለደኅንነት ከሆነ ኢማሙ ይፈቅዱልሃል ኢንሻአላህ።

አንድ ልጨምር። ስንሰግድ በሱጁድ ላይ፣ ማለት ግንባራችንን መሬት ስናስነካ፣ ሰባት አካላት መሬት ይነካሉ። ግንባር ከነአፍንጫው፣ ሁለት መዳፍ፣ ሁለት ጉልበት፣ የሁለቱ እግር ጣቶች። አንተ ሽቦ ስትልጥ የወደቀችው ቁራጭ የት እንደምትገባ ከዚህ ተነሥተህ አስብ።

ጋሽ ታዴ

ይሄ ልጅ ነገሩን አገኘው። ሽቦ ስትልጥ ሥሩ ሸራ ዘርጋ። ብሎን የጠፋብህ እንደሆነ ማግኔት ጎትተህ ታወጣዋለህ፤ መዳብ ግን ማግኔት አይነሳለትም። ክሯ ቀጭን ናት፣ ምንጣፉ ፀጉር ውስጥ ከገባች በዓይን አትታይም። ስትጨርስ በመዳፍህ ዳብሰው፣ በዓይንህ ብቻ አይቼዋለሁ እንዳትል።

አቡ ሰሚር

ወላሂ ለቴክኒሻን ሁሉ መነገር ያለበት ይሄ ነው። የእኛ መስጊድ መብራት ከተዘረጋ በኋላ አንድ አዛውንት ግንባራቸው ላይ ደም ይዘው ነው ከሱጁድ የተነሡት።

ብሉቱዝ ነገርም አለ። አምፕሊፋየር ሲሞከር ስልክህን አታገናኝ። አንድ ጊዜ የመጣ ልጅ ስልኩን አገናኝቶ የውጪው ስፒከር ክፍት ነበር። ሰው ደወለለት። የስልኩ ጥሪ ዘፈን ነው። በሚናራው ሰፈሩ ሁሉ ሰማው! ልጁ መስመጫ አጣ። ማይክ ስትሞክር መጀመሪያ የውጪውን መስመር ንቀል። በውጪው «ሄሎ፣ ሄሎ፣ አንድ ሁለት» ካልክ ሰው አዛን ነው ብሎ ጆሮውን ያቆማል። በረመዳን ቢሆን ደግሞ መግሪብ ደረሰ ብሎ የሚያፈጥር አይጠፋም።

ኡሙ ሐናን

ወንዶቹ ብዙ አላችሁ፣ አሁን እኔ ልናገር። ስለ ሴቶች ክፍል አንዳችሁም አላነሣችሁም።

ወንድሜ ሽቦው፣ ፎቅ ላይ ወይ ከመጋረጃ ኋላ የሴቶች ቦታ ይኖራል፤ በሩም ለብቻው ነው። እዚያ ዝም ብለህ አትግባ። ሰዓቱ አይደለም ብለህም አትግባ። ልጅ የምታጠባ ትኖራለች፣ ሒጃቧን አውልቃ ፀጉሯን የምታስተካክል ትኖራለች። ከኮሚቴው ሴት ካለች እሷ ትግባና ታረጋግጥልህ፣ ከሌለች በሩ ላይ ቆመህ ጮክ ብለህ ተጣራ። ረዳትህንም አስጠንቅቀው። ሴት ሰላም ስትል እጅህን አትዘርጋ፤ ደረትህ ላይ አድርገህ ጎንበስ ካልክ በቂ ነው፣ ቅር የሚላት የለም።

ግን ከዚህ ሁሉ የሚበልጥብኝን ልንገርህ። ድምፁን አድርስልን። በፊት የምሰግድበት መስጊድ ታች ለወንዶቹ የሚያስተጋባ ስፒከር ነበር። ለእኛ አንዲት ትንሽ ነገር ጥግ ላይ ሰቅለዋል፣ እሷም ትቆራረጣለች። ኢማሙ ሱጁድ ላይ ናቸው፣ እኛ ገና ጎንበስ ብለን ሩኩዕ ላይ ነን። ግማሾቻችን ተነሥተን ግማሾቻችን ተደፍተን አንዳችን ሌላችንን በቆረጣ እያየን ነው የምንከተለው። ያ ሶላት ነው? ቴክኒሻኑን ስንጠይቅ «ኮሚቴው ያዘዘኝ ይሄንኑ ነው» አለን። እኛን ማን ጠየቀን? አንተ ጠይቅ። ጫማህን ብታወልቅ ባታወልቅ እኔ አላይህም፣ ድምፁን ግን በቀን አምስት ጊዜ እሰማዋለሁ።

ሽቦው

እህቴ ይሄ በትእዛዙ ውስጥ የለም። ለሴቶች ክፍል አንድ ስፒከር ብቻ ነው የተጻፈው። ነገ ለኮሚቴው አነሣላቸዋለሁ።

የተዋሕዶ ልጅ

ሁላችሁም የምታወሩት ስለ እነሱ ሥርዓት ነው። የአንተስ? ወንድሜ፣ ገንዘብ ይገኛል። ነፍስ አባትህን ሳትጠይቅ እንዴት ትገባለህ? ደግሞ ማተብህን ምን ልታደርገው ነው? ልትበጥሰው?

ሽቦው

ንስሐ አባቴን ጠይቄአለሁ። «የእጅህን ሥራ ሠርተህ ግባ፣ ሰው ቤት እንደምትሠራው ሥራ» ነው ያሉኝ። የማተቡ ጥያቄ ግን ለእኔም አለብኝ።

አቡ ሰሚር

ማተብህን ማንም አይነካብህም። አውልቅ የሚልህ ካለ ስህተቱ የእሱ ነው። ሸሚዝህ ውስጥ ይሁን ውጭ የአንተ ጉዳይ ነው። ጎረቤቶችህ አይደሉ እንዴ? ሁልጊዜ ያዩታል። እኔ የምልህ ሌላ ነው፤ ትልቅ ሥዕል ወይ የኳስ ተጫዋች ፎቶ ያለበት ቲሸርት አትልበስ። ሰው ሊሰግድ ሲቆም ፊት ለፊቱ ሥዕል ቢሆን ይረብሸዋል። ጽሑፍ የሌለው ቱታ ካለህ እሱን ልበስ።

ደረሳው

የተዋሕዶ ልጅ፣ የጠየቅከው ከእምነትህ ተነሥተህ ነውና አከብረዋለሁ። ከእኛ በኩል ያለውን ልንገርህ።

ሙስሊም ያልሆነ ሰው መስጊድ መግባቱ ላይ መዝሀቦቹ፣ ማለት የሃይማኖት ሕግ ትምህርት ቤቶቹ፣ ይለያያሉ። ሻፊዒዮች ከመካው መስጊደል ሐራም በቀር በሙስሊሞች ፈቃድ ይገባል ይላሉ። ሐነፊዮችም ይፈቅዳሉ። በአገራችን የሚበዙት እነዚህ ሁለቱ ናቸው። ማሊኪዮች ይከለክላሉ፤ እነሱም ቢሆኑ እንደ ግንባታ ላለ ሥራ ሲያስፈልግ ይፈቅዳሉ። ሽቦው የሚሄደው በትክክል ለዚህ ነው። የበኑ ሐኒፋው አለቃ ሱማማ ገና ሳይሰልም በነቢዩ መስጊድ ምሰሶ ላይ ታስሮ እንደነበረ በቡኻሪ አለ። የነጅራን ክርስቲያኖችም መዲና በመጡ ጊዜ መስጊዱ ውስጥ ገብተው እንደነበረ የነቢዩ ታሪክ ጸሐፊ ኢብን ኢስሐቅ ጽፈዋል። የእኛው ሐበሾችማ በዒድ ቀን እዚያው መስጊድ ውስጥ በጦርና በጋሻ ሲጫወቱ እናታችን ዓኢሻ ከነቢዩ ትከሻ ኋላ ሆና ተመልክታለች።

ለሙያህ የሚቀርበውን ልንገርህ። መስጊድ ውስጥ መጀመሪያ መብራት ያበራው ተሚም አድ-ዳሪ ነው የሚል ዘገባ በኢብን ማጃህ የሐዲስ መጽሐፍ አለ። ተሚም ከመስለሙ በፊት ክርስቲያን ነበር። በኸሊፋ ወሊድ ዘመን የመዲናው መስጊድ ሲስፋፋም የሮምና የቅብጥ ባለሙያዎች ሠርተውበታል።

የአቃቂ ልጅ

እና ሽቦው የተሚም ወራሽ ነው በሉኛ። ዋጋ እንዳይጨምርባችሁ።

አወያይ

ሁለት አስተያየቶች ተሰርዘዋል። የማን ሃይማኖት ይበልጣል የሚለው ክርክር እዚህ ቦታ የለውም። ጥያቄው የሥራ ነው።

አቡ ሰሚር

ዋጋ ከተነሣ አይቀር፣ ሒሳብ መስጊድ ውስጥ አትነጋገር። መግዛትና መሸጥ ውስጥ የተከለከለ ነው። ቀሪ ክፍያ፣ የኬብል ደረሰኝ፣ «ይሄ ይጨመርልኝ» ምናምን ውጭ በረንዳው ላይ ወይ ቢሮ ውስጥ ይሁን። የጠፋ ዕቃም ውስጥ ሆነህ አትጠይቅ። «ፒንሳዬን ያየ» ብለህ ስትጮህ እንዳልሰማህ።

ቁርኣን ያለበት መደርደሪያ ላይ ምንም ነገር አታስቀምጥ፣ ካቻቢቴም ቢሆን። መደርደሪያው ሥራህ ላይ ከሆነ ራስህ አታንሣው። ዉዱእ ያለው ሰው ጥራ፣ ደረሶቹ (የቁርኣን ተማሪዎቹ) ያነሡልሃል። ድሪል ከመጀመርህ በፊት ይነሣ፤ አቧራው ሙስሐፍ (የቁርኣን መጽሐፍ) ላይ ባይወርድ ጥሩ ነው።

ኡሙ ሐናን

ምሳም አለ። የሰፈሩ ሴቶች ሠራተኛ አለ ከተባሉ ምግብ ሳይልኩ አይቀሩም። ሥጋ ቢመጣ አትጨነቅ፣ «ሥጋው ይቅርብኝ» ብትል ይገባቸዋል። እኛም የእናንተን አንበላም እኮ። ቀድመህ ለኮሚቴው ብትነግራቸው ግን ሽሮ ወይ ምስር ይመጣልሃል፣ ማንም አይሳቀቅም። የጾም ቀን ከሆነም ንገራቸው። መስጊዱ ግቢ ውስጥ ሲጋራና ጫት አደራ፤ ለረዳትህም ንገረው። ጠዋት ነጭ ሽንኩርት የበዛበት ነገር በልታችሁ አትምጡ። እኛም ራሳችን ጥሬ ሽንኩርት በልተን እንዳንገባ ታዘናል።

ጋሽ ታዴ

አረቄም። ከሥራ በፊት ማታም ቢሆን። ሽታው ያድራል።

ሽቦው

ሥራው አልቋል፣ የሆነውን ልንገራችሁ ብዬ ነው።

አዲሱን ጫማ ለኢማሙ ገልብጬ ሳሳያቸው ሳቁና «አንተ ከእኛ ሰዎች የበለጠ ተጠነቀቅክ» አሉኝ። በሩ አጠገብ ለብቻው መደርደሪያ ሰጡኝ፣ ማታ ማታ እዚያው ያድር ነበር። ሙአዚኑን ቀድሜ ተዋወቅኩት። የቦርዱን ቁልፍ ኪሴ ስጨምረው መጀመሪያ ግር አለው፤ ምክንያቱን ስነግረው ግን በየሶላቱ በፊት እየመጣ «ወርደሃል?» እያለ መጠየቅ ጀመረ። በሜጋፎኑ ነው አዛን ሲል የከረመው።

ረዳቴ አስገረመኝ። ያ አፉ የማያርፍ ልጅ ውስጥ ሲገባ ዝም። ምንጣፉን በመዳፉ የዳበሰው እሱ ነው፣ ከጫፍ ጫፍ፣ በእንብርክኩ እየሄደ። ሦስት የመዳብ ክር አገኘ፣ ሸራ ዘርግተንም። አንዷ ጣቱ ላይ ገብታ ነው ያገኛት። አንድ ልጅ ከመድረሳ ወጥቶ ሲያየው «እሱም እየሰገደ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ።

ምሳ በየቀኑ ምስርና ጎመን። ከዚያ በላይ ቴምር። ቴምሩ ቤቴ ድረስ ተከትሎኛል።

ቀሪ ሒሳቡን በረንዳ ላይ ነው የጨረስነው። የኬብል ዋጋ ተወዶ ስለነበር ትንሽ ተከራክረናል፣ ግን ውጭ ነበርን።

አቡ ሰሚር

ማሻአላህ። የእኛም የጣራ መብራት ግማሹ አይበራም። በውስጥ መስመር ስልክህን ላክልኝ።

ኡሙ ሐናን

የሴቶቹ ስፒከርስ?

ሽቦው

ሁለት ሆኗል። ኮሚቴው መጀመሪያ «በጀት የለም» አሉ፤ ከሴቶቹ አንዷ እናት መጥተው ሲናገሩ ግን ወዲያው ተገኘ። ድምፁን ከፍና ዝቅ ማድረጊያውን ከታችኛው ለይቼ ፎቅ ላይ፣ ከደረጃው አጠገብ አድርጌዋለሁ። ሴቶቹ ራሳቸው ያስተካክሉታል። ከኢማሙ ጋር ሞክረነዋል፤ እሳቸው ታች «አላሁ አክበር» ሲሉ ፎቅ ላይ የነበሩት እናት በመጋረጃው ጠርዝ እጃቸውን አውጥተው «ደርሷል» አሉኝ።